ከቤት ውጭ የሚተከል ፍንዳታ የማያስነሳ ሴንሰር የቱ ይሻላል? ለጎጃም ማደያ፣ ዲፖና ፋብሪካ የንጽጽር መመሪያ

ለነዳጅ ታንከር ወይም ለአልኮል ማከማቻ ሴንሰር ሊገዛ የወጣ ሰው ከሻጩ አፍ ቀድሞ የሚሰማው «ኤክስፕሎዥን ፕሩፍ ነው» የሚለውን ነው። ይህ ቃል ብቻውን አያስገዛም። አንዱ ሴንሰር ውስጡ ትነት ገብቶ ቢቀጣጠል እሳቱን አፍኖ የሚያስቀር ወፍራም ብረት የለበሰ ሊሆን ይችላል። ሌላው መጀመሪያውኑ ብልጭታ የሚፈጥር ጉልበት እንዳይደርሰው ተደርጎ የተሠራ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሙሉ በሙሉ በሙጫ የተደፈነ ነው። ሦስቱንም ሻጩ በአንድ ስም ይጠራቸዋል፤ በዋጋ፣ በገመድ፣ በጥገናና በሚፈልጉት ባለሙያ ግን አይገናኙም። ባሕር ዳር ላይ ያለ ችግር የሠራ ዕቃ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ላይ ጥያቄ ሊነሳበት ይችላል፤ ምክንያቱ ከታች በቁጥር ይታያል።

እዚህ የሚወዳደሩት የመከላከያ ዘዴዎች ናቸው፤ የኩባንያ ስም የለበትም። መስፈርቱ ቀድሞ ካልተያዘ ማንኛውም ካታሎግ ያምራልና ከመስፈርቱ እንጀምር።

## መስፈርት አንድ፦ ምን ይተናል፣ የትስ ይደርሳል?

ሴንሰሩ የሚቆምበት ቦታ በዞን ይለያል። ተቀጣጣይ ትነት ሁልጊዜ ወይም ለረጅም ሰዓት የሚኖርበት ቦታ ዞን 0 ነው፤ የቤንዚን ታንከር ውስጡ እንዲህ ነው። በተለመደው ሥራ አልፎ አልፎ ትነት የሚታይበት፣ እንደ መተንፈሻ ቱቦ አፍና እንደ መሙያ ጉድጓድ ያለው፣ ዞን 1 ነው። በተለመደው ሥራ የማይጠበቅበት፣ ቢመጣም ቶሎ የሚበተንበት ደግሞ ዞን 2 ይባላል። የዱቄትና የእህል አቧራ የራሱ ዞኖች አሉት (20፣ 21፣ 22)፤ ለጋዝ የተፈቀደ ሴንሰር ለአቧራም ተፈቅዷል ማለት አይደለም።

ቀጥሎ የትነቱ ዓይነት ነው። ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ለዘይት ማውጫ የሚያገለግለው ሄክሳንና የሲሊንደር ጋዝ በ«ሁለት-ኤ» ምድብ ናቸው። ለኢታኖል «ሁለት-ቢ» ይጠየቅ። በባትሪ ክፍል ውስጥ የሚወጣው ሃይድሮጅን «ሁለት-ሲ» ነው፤ ከሁሉም የባሰው እሱ ነው። የላይኛው ምድብ የታችኛውን ይሸፍናል። ከምድቡ ቀጥሎ የሙቀት ደረጃው ይጻፋል፦ ቲ3 ማለት የዕቃው ገጽ ከ200 ዲግሪ አያልፍም፣ ቲ4 ከ135፣ ቲ6 ከ85 አያልፍም ማለት ነው። ሄክሳን 225 ዲግሪ አካባቢ ያለ ክብሪት ራሱን ችሎ ይቀጣጠላልና ቢያንስ ቲ3 ይፈልጋል። አብዛኛው ሴንሰር ቲ4 ወይም ከዚያ የተሻለ ስለሆነ እዚህ ላይ ብዙ ራስ ምታት የለም።

«ናፍጣ ነው እንጂ ቤንዚን አይደለም» ብሎ መዘናጋት ግን አደጋ አለው። ናፍጣ የሚቀጣጠል ትነት መስጠት የሚጀምርበት ሙቀት በባሕር ጠለል ከ50 ዲግሪ በላይ ነው። የአየር ግፊት በቀነሰ ቁጥር ይህ ነጥብ ይወርዳል፤ በአንድ ኪሎ ፓስካል ሩብ ዲግሪ ያህል። ደብረ ማርቆስ ላይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። ከዚህም የሚከፋው ቤንዚን ጭኖ የነበረ የቦቴ ክፍል ሳይጸዳ ናፍጣ ሲሞላበት ነው፤ ያኔ በክፍሉ ያለው ትነት የቤንዚን ነው።

## መስፈርት ሁለት፦ ከፍታ

ይህን መስፈርት ብዙ ገዢ አያውቀውም። ለጎጃም ደጋ ግን ከሁሉም በላይ ሊጠየቅ የሚገባው ነው።

ፍንዳታ የማያስነሱ ዕቃዎች የሚመዘኑበት ዓለም አቀፍ ደረጃ ዕቃው የሚሠራበትን አየር ይወስናል፦ ግፊቱ ከ80 እስከ 110 ኪሎ ፓስካል፣ ኦክስጅኑ 21 በመቶ። 80 ኪሎ ፓስካል የሚገኘው 1,950 ሜትር አካባቢ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች 81 ኪሎ ፓስካል ገደማ አላት፤ ለጥቂት ከወሰኑ ውስጥ ነች። ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ግፊቷ 75 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፤ ከወሰኑ ውጭ። ዳንግላ፣ ቡሬ፣ እንጅባራና ደጀንም ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። ከደጀን ወርዶ አባይ በረሃ ግርጌ የሚተከል ሴንሰር ደግሞ የከፍታ ጥያቄ የለበትም፤ የሱ ጥያቄ ሙቀት ነው።

ይህ ማለት ደብረ ማርቆስ ላይ ዕቃው ይፈነዳል ማለት አይደለም። አየሩ በሳሳ ቁጥር በሣጥን ውስጥ የሚፈጠረው የፍንዳታ ግፊትም ይቀንሳል። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ስስ አየር ሙቀትን በደንብ አያወጣም። የኤሌክትሪክ መከላከያ ክፍተቶች የሚሰሉትም እስከ 2,000 ሜትር ነው፤ ለ3,000 ሜትር ክፍተቱ በ1.14 መባዛት አለበት። 220 ቮልት የሚገባበት ዕቃ በዚህ ይነካል፤ 24 ቮልት የሚሠራው ያን ያህል አይነካም። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚተከል ዕቃ ከአምራቹ በጽሑፍ «እስከ 3,000 ሜትር ይሠራል» የሚል ማረጋገጫ ይጠይቁ። የሻጭ የቃል ማረጋገጫ አይበቃም።

ከፍታ ንባብንም ያሳስታል። የግፊት ሴንሰር ሦስት ዓይነት ነው፦ ከአካባቢው አየር የሚነሳ፣ አየር ፈጽሞ ከሌለበት ባዶ (ቫኪዩም) የሚነሳ፣ በፋብሪካ በባሕር ጠለል ግፊት ታሽጎ የመጣ። የመጨረሻው ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ከዜሮ በታች 26 ኪሎ ፓስካል ያህል ይጀምራል። 26 ኪሎ ፓስካል ማለት የሦስት ሜትር ተኩል ቤንዚን ክብደት ነው። ዲያሜትሩ ሁለት ሜትር ተኩል በሆነ የመሬት ውስጥ ታንከር ላይ ይህ ሴንሰር ዜሮው ሳይስተካከል ከተተከለ ታንከሩ ጢም ብሎ ሞልቶም ባዶ ነው ይላል። የሚገዛው ከአካባቢው አየር የሚነሳው ነው፤ በገመዱ ውስጥ ቀጭን የአየር ቱቦ አለው፤ የቱቦው ጫፍ እርጥበት የሚመጥ ዱቄት ባለበት ሣጥን ውስጥ ማለቅ አለበት። ዱቄቱ ቀለሙን ሲቀይር ይለወጣል። ካልተለወጠ በክረምት ቱቦው ውስጥ ውኃ ይቋጠርና ንባቡ ይዋልላል።

## መስፈርት ሦስት፦ ዝናብ፣ ብርድና መብረቅ

ሣጥን ላይ የሚጻፈው የአይፒ ቁጥር የውኃና የአቧራ መከላከያ እንጂ የፍንዳታ መከላከያ አይደለም። አይፒ 66 ከኃይለኛ የውኃ ግፊት ይከላከላል፤ አይፒ 67 አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቆማል። ጎርፍ ሊያጥለቀልቀው በሚችል የመሙያ ጉድጓድ ውስጥ አይፒ 66 አይበቃም፤ 67 ወይም 68 ይጠየቅ።

ውኃው ግን ብዙ ጊዜ በዝናብ አይገባም፤ በትንፋሽ ነው የሚገባው። ቀን ፀሐይ ሣጥኑን ታሞቀዋለች፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲወርድበት ውስጡ ያለው አየር በድንገት ይቀዘቅዝና ይሸበሸባል፤ በግላንዱ (ገመዱ ወደ ሣጥኑ በሚገባበት ማጥበቂያ) እና በክዳኑ ጎማ በኩል እርጥብ አየር ይስባል። ሌሊት በብርድ ያ እርጥበት ወደ ጠብታ ይለወጣል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ሳይዘንብበት የሞላ ሣጥን ይገኛል። መድኃኒቱ ሦስት ነው። ግላንዱ ከላይ ሳይሆን ከታች ወይም ከጎን ይግባ። ገመዱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ ውኃው እንዲንጠባጠብ ይደረግ። ከላይ የላሜራ ወይም የቆርቆሮ ጥላ ይሠራለት፤ ከኋላው አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተው። ጥላው ለአባይ በረሃም ያገለግላል፤ አብዛኛው ዕቃ የተፈቀደው እስከ 40 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ነው፤ ፀሐይ በቀጥታ ያገኘችው ብረት ከአየሩ በላይ ይሞቃል። ሣጥኑን በስቶ ውኃ ማፍሰሻ መሥራት ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ውኃ ማፍሰሻ ካስፈለገ ለዚያው መከላከያ ዘዴ የተፈቀደ ተገዝቶ ይገጠም።

መብረቅን በሚመለከት ደረጃው ግልጽ ነው። ዞን 0 ውስጥ የሚገባ ሴንሰር ገመዱ ከቤት ውጭ ረጅም መንገድ ከሄደ ከታንከሩ መግቢያ በአንድ ሜትር ውስጥ የመብረቅ መከላከያ (ሰርጅ አሬስተር) ይገጠምለታል፤ ቢያንስ 10 ኪሎ አምፔር አሥር ጊዜ የሚችል። ከታንከሩ አካል ጋር የሚያገናኘው የመዳብ ሽቦ ከ4 ካሬ ሚሊ ሜትር አይነስ፤ አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን። የተጠቀለለ የግራውንድ ሽቦ በመብረቅ ጊዜ እንደ በር ተዘግቶ ይቆያል። በጣና ዙሪያም ሆነ በአዊ ደጋ የክረምቱን ነጎድጓድ የሚያውቅ ሰው ይህን ወጪ አይቆጥብም።

## መስፈርት አራት፦ ወደፊት ማን ይከፍተዋል?

ሁለት እኩል ጥሩ ዕቃዎች ሲቀርቡ የሚለያያቸው ይህ ጥያቄ ነው። ሴንሰር የሚገዛው አንድ ቀን ነው፤ የሚከፈተው ግን ለአሥር ዓመት ነው። የሚከፍተው ሰው በአብዛኛው የግቢው ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ካቻቪቴና ቴስተር ይዞ፣ በዝናብ፣ ምናልባትም ቦቴ እያራገፈ። ያ ሰው አንድ ብሎን ቢረሳ ምን ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ የተሻለ መልስ ያለው ዘዴ ይመረጥ።

አሁን ወደ አማራጮቹ።

## አማራጭ 1፦ እሳት አፋኝ ሣጥን (ኤክስ ዲ)

በወፍራም አሉሚኒየም ወይም ስቴንለስ የተሠራ ነው። ትነት ወደ ውስጥ መግባቱን አይከለክልም። ውስጡ ቢቀጣጠል ግፊቱን ይችላል፤ የሚወጣው ጋዝም በክዳኑ ጥርስ መካከል ባለው ጠባብ መንገድ ሲያልፍ ይቀዘቅዛልና ውጭ ያለውን አያቀጣጥልም። ሥራውን የሚሠራው እንግዲህ ያ ጠባብ መንገድ ነው፤ የሣጥኑ ውፍረት ብቻ አይደለም።

ጥንካሬው፦ ብዙ ኃይል የሚፈልግ ሴንሰር፣ ለምሳሌ ማሞቂያ ያለው የጋዝ መመርመሪያ ወይም ትልቅ ማሳያ ያለው መሣሪያ፣ በዚህ ይሠራል። ኦፊስ ውስጥ የተለየ ባሪየር (ጉልበት ገዳቢ ዕቃ) አይፈልግም። ከዞን 1 ጀምሮ ይገባል፤ ለታንከር ውስጥ፣ ለዞን 0፣ ግን ተራው የዞን 1 ደረጃ «ዲ-ቢ» አይሆንም።

ድክመቱ ሁሉ ከመከፈት ጋር ይያያዛል። ኃይል ሳይጠፋ አይከፈትም፤ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን የመጠበቂያ ደቂቃም ማክበር ግድ ነው። የክዳኑ ጥርስ ከተጫረ፣ ቀለም ከተቀባ ወይም በአሸዋ ወረቀት ከተፈተገ ዕቃው ዋጋ የለውም። ዝገት እንዳይዘው የማይደርቅ ግራሶ በስሱ ይቀባል፤ ሲሊኮን ሙጫ ግን ፈጽሞ አይቀባበትም። ጠፍጣፋ ከንፈር ያለው ሣጥን ፊት ለፊቱ ግድግዳ ወይም ቧንቧ መራቅ አለበት፦ ለሁለት-ኤ 10 ሚሊ ሜትር፣ ለሁለት-ቢ 30፣ ለሁለት-ሲ 40። የዝናብ ጥላው ራሱ ይህን ክፍተት እንዳይዘጋው ይታይ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግላንዱ ነው። ኤም20 (ባለ 20 ሚሊ ሜትር) ግላንድ ቢያንስ አምስት ጥርስ ሙሉ መግባት አለበት። ራሱም ለእሳት አፋኝ ሣጥን የተፈቀደ መሆን አለበት፤ ከገበያ የሚገዛ ተራ የፕላስቲክ ግላንድ ሣጥኑን ቀዳዳ ያለው ቆርቆሮ ያደርገዋል። የገመዱ ውፍረት በግላንዱ ከተጻፈው ልክ ውጭ ከሆነ ናስትሮ ጠቅልሎ ማወፈር የተለመደ ስህተት ነው። እሳቱ በዚያው በናስትሮው በኩል ይወጣል። ያልተሠራበት ቀዳዳ በተፈቀደ የብረት መክደኛ ይዘጋ፤ አብሮ የመጣው ቀይ የፕላስቲክ ቆብ ለጉዞ አቧራ ብቻ ነው።

## አማራጭ 2፦ ጉልበቱ የተገደበ (ኤክስ አይ)

እዚህ ሣጥኑ ዋና አይደለም። ወደ ሴንሰሩ የሚሄደው ቮልትና አምፔር አደጋ በሌለበት ክፍል በተቀመጠ ባሪየር ወይም አይሶሌተር (ሁለቱን ወገን በኤሌክትሪክ የሚለያይ ገዳቢ) ይገደባል፤ ሽቦው ቢበጠስ ወይም ቢገናኝ እንኳ ብልጭታው ትነትን ለማቀጣጠል አይበቃም። «አይ-ኤ» ለዞን 0፣ «አይ-ቢ» ለዞን 1፣ «አይ-ሲ» ለዞን 2 ነው። ኃይል ሳይጠፋ ክዳኑን ከፍቶ በተፈቀደ ቴስተር መለካት ይቻላል። ለጠየቅነው የአራተኛው መስፈርት ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ መልስ ይህ ነው፦ የግቢው ኤሌክትሪሺያን አንድ ብሎን ቢረሳ የሚመጣው የዝናብ ውኃ ነው እንጂ እሳት አይደለም።

ዋጋው በሂሳብ ይከፈላል፤ ሂሳቡ ደግሞ ያን ያህል ከባድ አይደለም። አይሶሌተሩ ሊያወጣ የሚችለው ከፍተኛ ቮልት፣ አምፔርና ዋት ሴንሰሩ ሊቀበል ከሚችለው አይበልጥም። የተለመደው 28 ቮልት፣ 93 ሚሊ አምፔር፣ 0.65 ዋት ነው። ከዚያ ገመዱ የሚያጠራቅመው የኤሌክትሪክ ቻርጅ (በፋራድ የሚለካው) ይቆጠራል። የገመዱ ወረቀት ከሌለ በሜትር 200 ፒኮፋራድ (0.2 ናኖፋራድ) ይያዛል። 28 ቮልት ላይ ለሁለት-ሲ የተፈቀደው 83 ናኖፋራድ ነው። ሴንሰሩ የራሱ 10 ናኖፋራድ ቢኖረው፣ 300 ሜትር ገመድ 60 ይጨምራል፤ ድምሩ 70፣ ያልፋል። 400 ሜትር ከሆነ 90 ይሆናል፣ አያልፍም። ቤንዚን ወይም ኢታኖል ብቻ ባለበት ግቢ ግን በሁለት-ቢ ማስላት ይፈቀዳል፤ የተፈቀደው ወደ 650 ናኖፋራድ ያድጋል፤ 400 ሜትሩም በቀላሉ ያልፋል። የገመዱ የማግኔት ጠባይም (ኢንዳክታንስ) በሜትር 1 ማይክሮ ሄንሪ ተይዞ እንዲሁ ይመረመራል።

ባሪየር ወይስ አይሶሌተር? ባሪየር ይረክሳል፤ ነገር ግን የራሱ የግራውንድ ሽቦ ይፈልጋል፣ እስከ ዋናው የግራውንድ ነጥብ ከ1 ኦም በታች የሆነ። ይህን ጠብቆ ማቆየት ሥራ ነው። ሌላም ችግር አለው፤ ቮልት ይበላል። በ24 ቮልት እንቁጠር፦ ባሪየሩ 340 ኦም፣ የመቀበያው መለኪያ 250 ኦም፣ 300 ሜትር ባለ 1.5 ካሬ ገመድ ደርሶ መልስ 7 ኦም ገደማ። 20 ሚሊ አምፔር ሲያልፍ (ሲግናሉ ባዶ ላይ 4፣ ሙሉ ላይ 20 ነው) 12 ቮልት ያህል ይጠፋል፤ ለሴንሰሩ የሚተርፈው 12 ነው። ብዙ ሴንሰር ቢያንስ 12 ቮልት ይፈልጋል። መብራት ዋልሎ ፓወር ሰፕላዩ 23 ቮልት ቢሰጥ ሲግናሉ 18.4 ሚሊ አምፔር ላይ ይቆማል፤ ታንከሩ እየሞላ ንባቡ 90 በመቶ ላይ ደርቆ ይቀራል። ሠራተኛው «ገና ነው» ብሎ ማራገፉን ይቀጥላል። ነዳጅ ገንፍሎ የሚፈሰው እንዲህ ነው። አይሶሌተር ይህ የለበትም፤ ለሴንሰሩ 15 ቮልት ያህል ያደርሳል፤ የተለየ ግራውንድም አይጠይቅም። ለጎጃም ደጋ ያለ ማመንታት አይሶሌተር ነው የሚመከረው።

ገመዱ ውኃ ሰማያዊ ቀለም ይኑረው፤ ከ220 ቮልት ገመድ ጋር በአንድ ቧንቧ አይሂድ። በጃንክሽን ቦክስ ውስጥ ጉልበቱ ከተገደበው ማያያዣ እስከ ሌላው ማያያዣ ቢያንስ 50 ሚሊ ሜትር ይራቅ። አንድ ኤሌክትሪሺያን ትርፍ ሽቦ አየሁ ብሎ በሰማያዊው ገመድ አምፑል ካበራ ሥራው ሁሉ ፈረሰ።

## አማራጭ 3፦ በሙጫ የተደፈነና የተጠናከረ ማያያዣ (ኤክስ ኤም እና ኤክስ ኢ)

ትናንሽ ዕቃዎች፣ እንደ ተንሳፋፊ ስዊችና እንደ በር መጠቆሚያ፣ በሙጫ ተደፍነው ይመጣሉ። የሚከፈት ነገር የለም፤ እርጥበት የሚገባበት የለም፤ ዋጋቸውም መካከለኛ ነው። ሲበላሹ ግን አይጠገኑም፤ ከነገመዳቸው ይጣላሉ። «ኤክስ ኢ» ደግሞ ብልጭታ የማይፈጥር ማያያዣና ጃንክሽን ቦክስ ነው፤ ራሱ ሴንሰር አይሆንም፤ ከሌሎቹ ጋር ይጣመራል። ማያያዣው በተጻፈው ኃይል መጥበቅ አለበት፤ የላላ ብሎን እዚህ ሙቀት ይፈጥራል።

## አማራጭ 4፦ ገመድ አልባ በባትሪ

ከጉልበት ገዳቢው ቤተሰብ ነው፤ ገመድ መቆፈር ለማይቻልበት ቦታ ይመረጣል። ገመድ የለምና መብረቅ የሚገባበት መንገድም ይቀንሳል። የባትሪው ዕድሜ በንባቡ ድግግሞሽ ይወሰናል፤ በደቂቃ አንዴ የሚልክ ሴንሰር ዓመታት ይቆያል፣ በየሴኮንዱ የሚልክ ግን ቶሎ ያልቅበታል። ስለዚህ ለማስጠንቀቂያ ደወል አይመረጥም፤ ለክምችት ቁጥጥር ነው።

ሁለት ነገር ይታሰብ። አንደኛ፣ ባትሪው በአምራቹ የተፈቀደው ብቻ ነው፤ መልኩ የሚመስል ሌላ ባትሪ ፈቃዱን ይሽረዋል። የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን ለማስመጣት ጥብቅ ደንብ ስላለበት ሲያልቅ ሳይሆን ከዓመት በፊት ይታዘዝ። ሁለተኛ፣ የተለመደው የሬዲዮ ሞገድ እርጥብ ቅጠል አይወድም። በበጋ በባሕር ዛፍ መካከል ያለፈ ሲግናል በነሐሴ ሊጠፋ ይችላል። ሙከራው በክረምት ይደረግ፤ ካልሆነም አንቴናው ከዛፎቹ በላይ ይውጣ።

## አማራጭ 5፦ ኤሌክትሪኩን ከዞኑ ማውጣት

ተንሳፋፊ ባለ ሰዓት መለኪያ፣ የብረት ቴርሞሜትር፣ ታንከሩ 95 በመቶ ሲሞላ በራሱ የሚዘጋ የመሙያ ቫልቭ። ኤሌክትሪክ የላቸውም፤ ፓወር ሰፕላይ አይዋልልባቸውም። ይህ የድሃ አማራጭ ተደርጎ መታየት የለበትም። ከርቀት ማንበብ ግዴታ ካልሆነ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ሴንሰር እዚህ መኖር አለበት ወይ?» መሆን አለበት። ዲፕስቲክ ሲነከር ግን ትልቅ ታንከር ከሞላ በኋላ የስታቲክ ኤሌክትሪኩ እንዲረጋ 30 ደቂቃ ይጠበቅ።

## ሁሉም በአንድ ሠንጠረዥ

| ዘዴ | የሚገባበት ዞን | ኃይል ሳይጠፋ መክፈት | ከቤት ውጭ ዋና ድክመት | የመነሻ ወጪ | የጥገና ባለሙያ |
|---|---|---|---|---|---|
| እሳት አፋኝ (ዲ-ቢ) | 1፣ 2 | አይቻልም | ግላንድ፣ የተጎዳ ጥርስ፣ የታመቀ እርጥበት | ሣጥኑና ግላንዱ ውድ | የሠለጠነ |
| ጉልበቱ የተገደበ (አይ-ኤ) | 0፣ 1፣ 2 | ይቻላል | የቮልት እጥረት፣ መብረቅ፣ የገመድ መቀላቀል | አይሶሌተሩ ውድ | መካከለኛ፣ ሂሳቡ አንዴ ከተሠራ |
| በሙጫ የተደፈነ (ኤም-ቢ) | 1፣ 2 | የሚከፈት የለም | አይጠገንም | መካከለኛ | አይፈልግም |
| ገመድ አልባ (አይ-ኤ) | እንደ ወረቀቱ፣ እስከ 0 | ባትሪ መቀየር እንደ መመሪያው | ባትሪ፣ ቅጠልና ርቀት | በነጥብ ውድ፣ ቁፋሮ ያስቀራል | መካከለኛ |
| ኤሌክትሪክ አልባ | እንደ ዕቃው | አይመለከተውም | ከርቀት አይነበብም | ርካሽ | ቀላል |

## ምን ዓይነት መለኪያ?

ለነዳጅ ታንከር ደረጃ፣ ዘንግ ላይ በሚንሸራተት ተንሳፋፊ የሚሠራው ማግኔቶስትሪክቲቭ ሚሊ ሜትር ድረስ ይለካል፤ በታች የተጠራቀመ ውኃንም በሁለተኛ ተንሳፋፊ ይለያል። ለማደያ ከእሱ የተሻለ የለም። ለትልቅ የዲፖ ታንከር ራዳር ይመረጣል፤ ፈሳሹን አይነካም። በድምፅ ሞገድ የሚለካው ለቤንዚን አይሆንም፤ ትነቱ የድምፁን ፍጥነት ይለውጥበታል። ለውኃ ታንከር ገዝተው የወደዱት ሰዎች ለቤንዚን ሲደግሙት ይታያል፤ አይድገሙት።

የጋዝ መመርመሪያ ሁለት ነው። ካታሊቲኩ (ትነቱን በትንሽ ማሞቂያ ላይ አቃጥሎ የሚለካው) ርካሽ ነው፤ ሃይድሮጅንንም ያያል፤ ነገር ግን ሲሊኮን፣ እርሳስና ድኝ ያለበት ትነት ይመርዘዋል፤ ከተመረዘ በኋላ ምንም ሳይናገር ዜሮ ያሳያል። ኢንፍራሬዱ (በማይታይ ብርሃን የሚለካው) አይመረዝም፤ ሃይድሮጅንን ግን ፈጽሞ አያይም። ለደጋው ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ፦ ኢንፍራሬድ የሚቆጥረው የጋዝ ቅንጣቶችን ነው፤ በ75 ኪሎ ፓስካል ቅንጣቶቹ በሩብ ያነሱ ናቸው። በባሕር ጠለል የተስተካከለ ዕቃ ያለ ግፊት ማካካሻ ደብረ ማርቆስ ላይ በሩብ ያህል አሳንሶ ያነባል፤ ለመቀጣጠል ከሚበቃው ዝቅተኛ የትነት መጠን 20 በመቶ ላይ እንዲጮህ የተደረገው ደወል ትነቱ 27 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው የሚጮኸው። ስለዚህ ማስተካከያው እዚያው በተተከለበት ቦታ፣ በመፈተኛ ጋዝ ይደረግ።

የቤንዚንና የሲሊንደር ጋዝ ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መመርመሪያው ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይተከል፤ የክረምት ጎርፍና የጭቃ ፍንጣሪ የማይደርስበት ይሁን። የባዮጋዝ ሜቴን ይቀላል፤ ከላይ ይተከል። በአፉ ላይ የሸረሪት ድር ወይም የተርብ ጭቃ ቤት ካለ ጋዙ አይደርስም። በየወሩ በዓይን ይታይ።

## እንደ ፍላጎትና እንደ አቅም

ሦስት ታንከር ላለው ማደያ፣ ፍኖተ ሰላምም ይሁን ሞጣ፣ «አይ-ኤ» ማግኔቶስትሪክቲቭ ዘንግ በየታንከሩ፣ አይሶሌተሮቹ ኦፊስ ውስጥ፣ ሰርጅ አሬስተር በየጉድጓዱ። እሳት አፋኝ ሣጥን አያስፈልግም። ገንዘቡ ካልበቃ ዘንጉን በአንድ ታንከር ይጀምሩ፤ ለሌሎቹ 95 በመቶ የሚዘጋውን ቫልቭ ያስገጥሙ። አሬስተሩን ቀንሶ ዘንግ መጨመር ግን አይመከርም፤ አንድ የሐምሌ ነጎድጓድ ሦስቱንም ይወስዳል።

ለዲፖ ራዳሩ አንድ ነገር ነው፤ ከሱ ፍጹም የተለየ የከፍተኛ ደረጃ ስዊች በራሱ ገመድ መኖር አለበት። አንዱ ሲሳሳት ሌላው እንዲያዝ የሚገዛ ነውና ሁለቱን በአንድ የመቀበያ ካርድ ላይ ማገናኘት ገንዘብ መጣል ነው።

በሄክሳን ዘይት የሚያወጣ ወይም አልኮል የሚያጠራቅም ፋብሪካ ሁለቱን ዘዴ ይቀላቅል፦ ለጋዝ መመርመሪያ እሳት አፋኝ ሣጥን ያለው ኢንፍራሬድ፣ ለሙቀትና ለግፊት ጉልበቱ የተገደበ። የጥገና ክፍል ስላለው የሣጥኑን ሥርዓት ሊጠብቅ ይችላል።

የሲሊንደር ጋዝ ለሚሸጥ ሱቅ ከሴንሰሩ በፊት ከታች በኩል አየር የሚያልፍበት መስኮት ይከፈት። ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ካታሊቲክ ይበቃል፤ በየሦስት ወሩ በጋዝ የሚፈተን ከሆነ ብቻ።

## ከመክፈልዎ በፊት

በሴንሰሩ ላይ የተለጠፈውን ብረት ያንብቡ። «ኤክስ ዲ-ቢ ሁለት-ቢ ቲ4 ጂ-ቢ» የሚል ከሆነ፦ እሳት አፋኝ፣ እስከ ኢታኖል፣ ገጹ ከ135 ዲግሪ የማያልፍ፣ ለዞን 1 ማለት ነው። የምስክር ወረቀቱ ቁጥር በብረቱና በወረቀቱ አንድ መሆኑን ያመሳክሩ። ዓለም አቀፉ የአይ-ኢ-ሲ ኤክስ ምስክር ወረቀት በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል፤ ቁጥሩን አስገብተው ራስዎ ይዩት። ቁጥሩ መጨረሻ ላይ የ«ኤክስ» ፊደል ካለ ልዩ ግዴታ አለበት፤ ግዴታው ምን እንደሆነ ሳይነበብ አይገዛ። የ«ዩ» ፊደል ካለ ደግሞ ለብቻው የሚተከል ዕቃ አይደለም፤ የሌላ ዕቃ አካል ብቻ ነው። «ሲ-ኢ» የሚለው ምልክት ብቻውን ስለ ፍንዳታ ምንም አይናገርም።

ከዕቃው ጋር አብረው የሚታዘዙ፦ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ የተፈቀደ ግላንድ ወይም መክደኛ፣ አንድ ትርፍ አይሶሌተር፣ ሁለት ትርፍ ሰርጅ አሬስተር፣ የክዳን ኦሪንጎች፣ የመፈተኛ ጋዝ ሲሊንደር። ሲተከል የእያንዳንዱ ሴንሰር ወረቀት፣ የገመድ ርዝመቱና የናኖፋራዱ ሂሳብ በአንድ ፎልደር ይቀመጥ። ምርመራው ከሦስት ዓመት አይዘግይ፤ የመጀመሪያው ግን ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ በጥቅምት ይሁን፤ ኃይሉ ጠፍቶ የእያንዳንዱ ሣጥን ክዳን ተከፍቶ ውስጡ በእጅ ይዳሰስ።